አምስት ሊትር ዘይት ለጤናችን

ፋብሪካችን ገላን ነው፤ ቃሊቲን አልፈው ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ። ጥቅምት በባተ ሰሞን ማኔጅመንቱ ስለ ጤናችን ሲጨነቅ ያደረ ይመስላል፤ ጠዋት ስንገባ በሩ ላይ ባነር ተሰቅሎ ጠበቀን። «ጤናማ ሠራተኛ ለላቀ ምርታማነት!» ይላል። ከሥሩ የፖም ሥዕል አለ። ፖም በኪሎ ስንት እንደገባ የጠየቀ የለም። ሥዕሉ ነፃ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው።

ውድድሩ ቀላል ነው። ስልክህ ላይ እርምጃ የሚቆጥር አፕ ትጭናለህ። በቀን 10 ሺህ ትራመዳለህ። በወሩ መጨረሻ አንደኛ የወጣ አምስት ሊትር የፓልም ዘይት፣ ሁለተኛ የወጣ አምስት ኪሎ ስኳር ይሸለማል። እንዲህ ያለ አርቆ አሳቢነት የት ይገኛል? ሰውየው ተራምዶ ያቀለጠውን ስብ በጀሪካን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የሚቀጥለው ወር ተወዳዳሪም ከአሁኑ ተዘጋጀ ማለት ነው።

10 ሺህ የሚለውን ቁጥር ሐኪም ያዘዘው ይመስለኝ ነበር። ለካ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶን ባሸነፈ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ አንድ የጃፓን ድርጅት ወገብ ላይ የሚታሰር መቁጠሪያ ለገበያ አውጥቶ «ማንፖ ኬይ» ብሎታል፤ «የ10 ሺህ እርምጃ መለኪያ» እንደማለት። ቁጥሩ ዓለምን የዞረው ከዚያ ወዲህ ነው። አበበ ሳይቆጥር ሮጠ። ዘይት ያልደረሰው ለዚህ ይሆናል።

የምርት ክፍል ልጆች አልተወዳደሩም። ታክሲ ሲጠፋ ከቱሉ ዲምቱ በእግራቸው ይመጣሉ፣ ስምንት ሰዓት ቆመው ይውላሉ። ግን ወደ ማሽኑ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ስልካቸው ሎከር ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። በአፑ መሠረት ከፋብሪካው ሰነፎቹ እነሱ ናቸው። እኛ በሰርቪስ በር ድረስ የምንመጣው ግን ጥሩ ተፎካካሪዎች ነን።

አንደኛ የወጡት የፋይናንስ ኃላፊያችን ናቸው። ከወንበራቸው የሚነሱት ለምሳ ነው፤ ቡናውን እንኳ የጽዳት ሠራተኛዋ ታመጣላቸዋለች። እኒህ ሰው በቀን 24 ሺህ እርምጃ አስመዘገቡ። አብዛኛው ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ። የሰው ኃይል ክፍሉ ይህንን በስብሰባ ላይ አንብቦ «ሌሊቱን ሳይቀር ለጤናቸው የሚተጉ አርአያ» አላቸው። ሞቅ ያለ ጭብጨባ ነበር። እኔም አጨበጨብኩ።

የሌሊት ጥበቃችንን ካፖርት ኪስ ያየ ግን ነገሩ ይገባዋል። ጋሼ የራሳቸው ስልክ የቁልፍ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ያሉት ሰባት ስማርት ስልኮች የቢሮ ሰዎች ናቸው። ማታ ተረክበው አጥሩን ሲዞሩ ያድራሉ፣ ጠዋት ያስረክባሉ። ሒሳቡ በስልክ 20 ብር ነው። ከሰባቱ አንዱ የእኔ ነበር፤ ምን ልዋሽ። ጋሼ ራሳቸው መወዳደር አይችሉም። የተቀጠሩት በኤጀንሲ ነው፤ ድርጅቱ የገባልን የጤና መድንም እሳቸውን አይጨምርም።

ይህ ጥበብ እኛ ዘንድ ብቻ መኖሩ ያኮራል። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን በዕጣ ከፍለው እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ፈትነውት ነበር። በፈቃዳቸው የተሳተፉት ከመጀመሪያውም ለሕክምና ብዙ የማያወጡት ሆነው ተገኙ። ፕሮግራሙም በሕክምና ወጪያቸውና በልማዳቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላመጣም። ምስኪኖች፣ ጥበቃ አላማከሩም።

ሲጋራ ላይ ግን ፈረንጆቹም ቀንቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት የአንድ ትልቅ ኩባንያ 878 ሠራተኞች ተሳትፈው፣ እስከ 750 ዶላር ከተገባላቸው መካከል 14.7 በመቶው በተመዘገቡ በዘጠኝ ወይም በአሥራ ሁለት ወራቸው ሲታዩ ማጨስ አቁመው ተገኙ። ገንዘብ ካልተገባላቸው ያቆሙት 5 በመቶ ናቸው። ደግሞ ቃላቸው ብቻ አልተወሰደም፣ ምርመራ ተደርጎላቸዋል። ጭካኔ ነው። እኛ ጋ የሰው ቃል ይከበራል። ላቆመ 2 ሺህ ብር ተባለ። ከመጋዘኑ ጀርባ የሚያጨሱ አራት ሰዎች ነበር የማውቀው፤ ምዝገባው በተከፈተ በሁለት ቀን አሥራ ዘጠኝ አጫሽ ተገኘ። አንዷ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ናት። በወሩ አሥራ አምስቱ እርግፍ አድርገው ተዉ። ያልተሳካላቸው አራቱ ብቻ ናቸው። አሁንም ከመጋዘኑ ጀርባ አሉ።

የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ዱከም፣ ቁርጥ ቤት ሆነ። ስለ ደም ግፊት አጭር ንግግር ተደርጎ ድራፍት ቀረበ።

ወደ ዱከም ስንወጣ በሩን የከፈቱልን ጋሼ ነበሩ። ተራ ለመቀየር ቀደም ብለው መጥተው ነው። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ «ጋሼ፣ አንደኛ ወጣን እኮ!» አልኳቸው።

«እንኳን ደስ አላችሁ፣ ልጄ» አሉኝ፣ አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። «ለጓደኞችህ ንገርልኝ፤ ከሚመጣው ወር ጀምሮ በስልክ 30 ብር ነው። ይሄ እግር እያስቸገረኝ ነው።»