ኢንተር ካልተጫኑት የማይናገር ስዊች

ኔትወርክ የተማርነው በሲሙሌተር፣ ማለትም ዕቃዎቹን በሚያስመስል ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘውን ሳጥን፣ ስዊቹን፣ በማውስ ጎትተን ስክሪኑ ላይ ካስቀመጥን በኋላ አንድ ጊዜ ጠቅ ስናደርገው የትዕዛዝ መስኮቱ ወለል ብሎ ይከፈትልን ነበር፤ ስዊቹን ለማዋቀር ከኮምፒውተር ጋር ስለሚያገናኘው ኮንሶል ገመድ አንድ ስላይድ አይተናል፣ ገመዱን በእጁ የያዘ ተማሪ ግን አላስታውስም። ትምህርቱን በጥሩ ውጤት ማለፌ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ሳምንት አለቃዬ ባለ 24 ፖርት ስዊች ከነካርቶኑ አስረከቡኝና «ለሒሳብ ክፍልና ለመዝገብ ቤት ለየብቻ ቪላን ሠርተህ እስከ ነገ አስገባው» አሉኝ። ቪላን ማለት አንዱን ስዊች እንደ ተለያዩ ኔትወርኮች መክፈል ነው። ሰማያዊው የኮንሶል ገመድ በአንድ ጫፉ ወደ ስዊቹ ይገባል፤ በሌላው ጫፉ ያለው ባለ 9 ቀዳዳ ሲሪያል ማገናኛ ግን የሚሰካበት ላፕቶፕ ካየሁ ዘመን የለኝም። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ገዝቼ መጣሁ። ዊንዶውስ ቢጫ ምልክት ለጥፎበት አላውቀውም አለ፤ ድራይቨሩን ፍለጋ ግማሽ ቀን አለፈ።

በመጨረሻ ለስዊቹ ትዕዛዝ የሚጻፍበትን «ፑቲ» የተባለ ፕሮግራም ከፍቼ ፍጥነቱን 9600 ላይ አድርጌ ስገባ የጠበቀኝ ጥቁር ስክሪን ነው። ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩ ለአዳፕተሩ የሰጠውን የኮም ቁጥር ደጋግሜ አየሁ፣ አዳፕተሩን የሸጠልኝን ሰው በልቤ ረገምኩ። ለካስ ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል፤ ስዊቹ ኢንተር እስኪጫኑለት ድረስ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ፍጡር ነው። ይህችን አንዲት ቁልፍ ተጫን ብሎ የሚነግር ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያውን ማዋቀሪያ በጥያቄና መልስ ልጀምር ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ «ኖ» ብዬ አለፍኩት። ወደ ማዋቀሪያው የሚያስገባውን ትዕዛዝ፣ ኢኔብል ብዬ ልጽፍ ስል ሁለት ፊደል ባዛባ፣ ተሳስተሃል በማለት ፈንታ ቃሉን የኮምፒውተር ስም ነው ብሎ በ255.255.255.255 አድራሻ ኔትወርኩን ሁሉ መጠየቅ ጀመረ፤ ያ ሁሉ ሰከንድ ሲያልፍ ቁልፍ ብጫን መልስ የለም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና 6 አንድ ላይ ሲጫኑ ፍለጋው እንደሚቆም የነገረኝ በማግስቱ የጠየቅኩት ጓደኛዬ ነው። ስሳሳት ይህን ያህል የሚለፈልፈው ማሽን፣ ትክክል ስሠራ ደግሞ ትንፍሽ አይልም፤ ፖርቶቹን አንድ በአንድ ለሁለቱ ቪላኖች ሳከፋፍል «ተቀብያለሁ» የምትል አንዲት ቃል እንኳ አልወጣችውም።

ዝምታውን እንደ ስምምነት ቆጥሬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። መብራት ሄደ። የጻፍኩት ሁሉ ራኒንግ ኮንፊግ በሚባለው ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ብቻ እንደነበረ፣ መብራት ቢጠፋም ወደሚቆየው ስታርትአፕ ኮንፊግ ካልገለበጥኩት ከመብራቱ ጋር አብሮ እንደሚሄድ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሁለቱ ቪላኖች ፍላሽ በሚባለው የስዊቹ ቋሚ ማኅደር ውስጥ በፋይል ተቀምጠው ስለነበር ተርፈዋል፤ የትኛው ፖርት የማን እንደሆነ የሚገልጸው፣ ጣቴ እስኪዝል የጻፍኩት ግን አንዱም የለም።

መብራት ሲመለስ መስመሮቹ በስክሪኑ ላይ ጎረፉ፣ ቆሙ፤ ኢንተር ተጫንኩ። የመጀመሪያውን ማዋቀሪያ በጥያቄና መልስ ልጀምር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።