ሬሳ ባይኖር ምን ያስቅ ነበር?

ሁለት ወዳጆቼን ያጨቃጨቃቸው ፊልም ነው። አንዷ ግድያና ቀልድ የተቀላቀለባቸውን የድሮ የሆሊውድ ፊልሞች አይታ አትጠግብም። ሌላው የወንጀል ፊልም ሲያይ ፍንጭ የሚለቅም ሰው ነው።

«ሰው ሞቶ ምን ያስቃል?» አለ። «‹ዘ ቲን ማን›ን አየሁት። ገዳዩ ማን እንደሆነ ከተነገረኝ በኋላ እንኳ ነገሩ አልተዋጠልኝም። መርማሪው እንደሆነ ሲጠጣ ነው የሚውለው።»

«እሱማ ነው ደስ የሚለው!» አለችው። «ፊልሙ የወጣው በ1934 እ.ኤ.አ. ነው። አሜሪካ የመጠጥ እገዳውን ካነሳች ገና ዓመት አልሞላም፤ ሕዝቡ ደግሞ በሥራ አጥነት ተንገሽግሿል። ሲኒማ የገባው ፍንጭ ሊለቅም መሰለህ? የዘነጡ ሰዎች ሲቀላለዱ ሊያይ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ሬሳው ለምን አስፈለገ? ዝም ብለው ይቀላለዱ!»

ይሄን ጊዜ ካሪ ግራንት የተወነበትን «አርሰኒክ ኤንድ ኦልድ ሌስ» የተባለ ፊልም አመጣችበት። ሁለት ደጋግ አሮጊቶች ብቸኛ ሽማግሌዎችን በወይን እየመረዙ ምድር ቤት ያስቀብራሉ። መቃብሩን የሚቆፍረው የወንድማቸው ልጅ ነው። እሱ ደግሞ ራሱን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት አድርጎ፣ የፓናማን ቦይ እየቆፈርኩ ነው ይላል።

«እስቲ ሬሳዎቹን አውጣቸው። ምን ይቀራል? ሁለት ደግ አሮጊቶች!»

ሳቀ። ግን አልተረታም። «ይሄኛው እሺ። የዚያኛው ምስጢር ግን ውሃ አይቋጥርም።»

በምስጢሩ ነገር እኔም ከሱ ጋር ነኝ። ግን «ዘ ቲን ማን»ን ያቆሙት ተዋናዮቹ ዊልያም ፓወልና ሚርና ሎይ ናቸው፤ መርማሪው ኒክና ሚስቱ ኖራ ሆነው። ኖራ ባሏን ስንት እንደጠጣ ትጠይቀዋለች። ይቺ ስድስተኛ ማርቲኒዬ ናት ይላታል። አትቆጣውም። አስተናጋጁን ጠርታ አምስት ተጨማሪ እንዲደረድርላት ታዛለች። ልትደርስበት ነው! ሌላ ቦታ፣ ሽጉጥ የያዘ ሰው መኝታ ቤታቸው ይገባል። ኒክ ከጥይት ሊያድናት ብሎ ሚስቱን በቡጢ ይዘርራታል። ስትነቃ የሚያንገበግባት ሰውዬውን ሲጥለው አለማየቷ ነው።

የፍቅር ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ሠርግ ላይ ያልቃል። እነዚህ ግን ከተጋቡ ቆይተዋል፤ አሁንም አንዱ በሌላው ይዝናናል። ዝም ብለው ቢቀላለዱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በሰለቹን ነበር። ሬሳው ሥራ ሰጣቸው፣ ከቤትም አስወጣቸው። ተመልካቹ እስከ 1947 እ.ኤ.አ. ድረስ ስድስት ፊልም የተከተላቸው ገዳይ ፍለጋ አይመስለኝም። ወዳጄ ፍንጩን ትቶ ሚስትየዋን ቢያይ ይሻለዋል።