ክርክር፦ በጎብሊን ብቻ የተሞላ ዴክ ያዋጣል?

አዳማ ውስጥ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎችን እያከራከረ ያለ አንድ ባለ 60 ካርድ ዴክ (የአንድ ተጫዋች ካርዶች ስብስብ) አለ፦ 20 መሬት (ማና፣ ማለትም ካርድ ለማውጣት የሚከፈለውን ኃይል የሚሰጡ)፣ 36 ጎብሊን (ተዋጊ ፍጡራን)፣ 4 ላይትኒንግ ቦልት (ጉዳት የሚያደርስ ድግምት)። ከጎብሊኖቹ ውስጥ ክሬንኮ፣ ዋርቺፍ፣ ቺፍቴይን፣ ሪንግሊደር፣ ሜትረን፣ ስከርክ ፕሮስፔክተር እና ሲጅ ጋንግ ኮማንደር እያንዳንዳቸው አራት አራት ናቸው። እንዳለ ይቆይ ወይስ ይነካካ?

ደጋፊ፦ ይህን ዴክ የሚያሠራው ጭብጡ ራሱ ነው። ሪንግሊደር ሜዳ ሲገባ ከዴኩ አናት 4 ካርድ ይገልጥና ጎብሊን የሆነውን ሁሉ ወደ እጅ ያስገባል። 36 ጎብሊን ካለ በአማካይ 2.4 ካርድ ይሰጣል። ስምንቱን አውጥታችሁ ሌላ ድግምት ብትከቱበት ወደ 1.9 ይወርዳል። ዋርቺፍም ዋጋ የሚቀንሰው ለጎብሊን ብቻ ነው። በሦስተኛው ተራ ዋርቺፍ ከወጣ፣ በአራተኛው ክሬንኮ በ3 ማና ይወጣል፤ ዋርቺፍ ስላለም አንድ ተራ መጠበቅ ሳያስፈልገው ወዲያው ታፕ ይደረጋል (ካርዱ ዘወር ተደርጎ ችሎታው ይሠራል)። ክሬንኮ የሚወልደው ሜዳ ላይ ባሉት ጎብሊኖች ቁጥር ልክ ነው፤ ሁለት ስላሉ ሁለት ይወልዳል። በሚቀጥለው ተራ አራቱ ስምንት ይሆናሉ።

ተቃዋሚ፦ ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው፤ ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ሦስተኛው መሬት በጊዜ ከመጣ ነው። በ20 መሬት፣ የመጀመሪያው 7 ካርድ ምንም መሬት ሳይዝ ወይም አንድ ብቻ ይዞ የሚመጣበት ዕድል 25 በመቶ ገደማ ነው። 24 ብታደርገው ወደ 14 ይወርዳል። ቦታውም አለ። ክሬንኮ ሌጀንደሪ (ሜዳህ ላይ አንድ ብቻ የሚፈቀድ) ስለሆነ ሁለተኛው ሲወጣ አንዱ ወደ መቃብር (ከሜዳ የወጡ ካርዶች ክምር) ይሄዳል፤ ሁለት ይበቃሃል፤ ሲያስፈልግ ሜትረን ፈልጋ ታመጣልሃለች። 5 ማና የሚጠይቀውን ሲጅ ጋንግንም ወደ ሁለት አውርደው። ያኔ 32 ጎብሊን ይቀራል፣ የሪንግሊደር አማካይም 2.1 ይሆናል። ለዚህች ቅንስናሽ ብለህ ከአራት ጨዋታ አንዱን ከመጀመሪያው እጅ ታበላሻለህ?

ደጋፊ፦ ክሬንኮን ተቀብያለሁ። መሬቱ ላይ ግን 24 ይበዛል። ፕሮስፔክተር ጎብሊን እየሰዋ ቀይ ማና ይሰጣል፣ ዋርቺፍም ዋጋ ይቀንሳል።

ተቃዋሚ፦ አንድ መሬት ብቻ ይዘህ ፕሮስፔክተርን ብታወጣና ራሱን ብትሰዋው፣ የሚመለስልህ የከፈልከው አንድ ማና ነው፤ ካርዱ ግን ሄደ። እሱ የሚጠቅመው ቶክን (እንደ ክሬንኮ ያሉት የሚወልዷቸው፣ ካርድ ያልሆኑ ጎብሊኖች) ከበዛ በኋላ ነው። የመሬት እጥረትን አይፈታም።

ሌላም አለ። ፓይሮክላዝም በ2 ማና በሁሉም ፍጡር ላይ 2 ጉዳት ያደርሳል። ሌሎች ጎብሊኖችን የሚያጠነክረው ቺፍቴይን አንድ ቢኖርህ እንኳ ቶክኖችህ 2/2 (ጥቃት 2፣ ጽናት 2) ናቸው፤ ቺፍቴይኑም ራሱ 2/2 ነው፤ ሁሉም ይሞታሉ። የሚተርፉት ሁለት ቺፍቴይን ካለ ብቻ ነው። በ4 ማና ፍጡርን ሁሉ የሚያጠፋው ነጭ ድግምት ራዝ ኦፍ ጎድ ሲመጣ ደግሞ ያም አያድንህም።

ደጋፊ፦ ለዚያ መልሱ አጨዋወቱ ነው። ተጋጣሚ ነጭ ከሆነና አራተኛ መሬቱ ከተቃረበ፣ ሪንግሊደርን ከእጅ አታውጣው። ሜዳው ሲጠረግ እሱ ራሱ በወጣበት ተራ ያጠቃል፣ እጅህንም ይሞላል። ጭብጡ የላላ ዴክ እንዲህ አያገግምም። ይህን ትቶ ዴኩን በአንድ ክፉ ሰዓት መመዘን ተገቢ አይመስለኝም።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው በሙከራ እንየው። ቶክኖቹን በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ተካቸው፤ የአዳማ ንፋስ ወረቀት አያስቀምጥም። ቀና ያለው ዝግጁ፣ የተገለበጠው ታፕ የሆነ ይሁን። ከዚያ ፓይሮክላዝም እና ራዝ ከያዘ ዴክ ጋር አጫውተው፤ ግማሹን ጨዋታ ሁለተኛ ሆነህ ጀምር። በየጨዋታው ሁለት ነገር ጻፍ፦ ሦስተኛው መሬት የመጣበትን ተራ፣ እና ስትሸነፍ በእጅህ የቀረውን ካርድ። የቀሩት ሲጅ ጋንግ እና ክሬንኮ ከሆኑ ችግሩ መሬት ነው። እጅህ ባዶ ከሆነ ደግሞ ሪንግሊደሩ አልመጣም፣ ወይም ቀድመህ አውጥተኸዋል።

ደጋፊ፦ እሺ፣ በ22 መሬት እጀምራለሁ፤ የመጥፎው እጅ ዕድል 19 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ሁለት ክሬንኮ ከዴኩ ይቀነሳል፤ ሲጅ ጋንጎቹ ግን አራቱም ይቆያሉ።

ተቃዋሚ፦ በ22 መሬት አራት ሲጅ ጋንግ ይከብደዋል፤ እኔ በ24 እጸናለሁ።