ወልዳለች፣ ከእንግዲህ ምን ትማራለች?

የአዲስ አበባ ልጆች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አትቀየሙኝ፤ ከሁላችሁም በፊት የምቆጣው ራሴን ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሰንጋ ተራ፣ እናታችን ቤት። እህቴ አራስ ነች። ገንፎው መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬውን ይዞ ቀርቧል። ቡናው እየተቆላ ነው። ጎረቤቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። እህቴ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ ማስተርሷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ቀርቷታል። አንዷ ጎረቤት «ትምህርቱስ እንዴት ሊሆን ነው?» ብላ ጠየቀቻት። እህቴ አፏን ሳትከፍት እኔ ቀደምኩ። «የምን ትምህርት! ወልዳ የለ እንዴ? አሁንማ ልጇን ታሳድግ» አልኩ። ሁሉም ሳቀ። እማዬ «እውነቱን ነው» አለች። እህቴ ገንፎውን በማንኪያው ጫፍ መነካካት ጀመረች።

በቃ፣ ይኸው ነው። ማንም አልተሳደበ፣ ማንም አልከለከለ። እንዲህ እየሳቅን ነው የምናስቀራቸው።

ከእማዬ ቤት እስከ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የእግር መንገድ ነው። እዚያ ከሚታከሙት መካከል ሥር የሰደደ የደም ካንሰር ያለባቸው አሉ። ሐኪሞቹ «ሲኤምኤል» ይሉታል። ብዙዎቹ ሲመጡ ጣፊያቸው አብጦ የግራ ጎናቸውን ወጥሮታል። ድሮ ይህ በሽታ የያዘው ሰው የሚቆጠርለት ጥቂት ዓመት ነበር። ዛሬ ኢማቲኒብ የሚባል ክኒን አለ። በየቀኑ ይዋጣል። የሚዋጥ ክኒን ነው እንጂ ፀጉር የሚያረግፍ መርፌ አይደለም። ክኒኑን እየዋጠ ሱቁን ከፍቶ የሚውል፣ ልጁን የሚድር ሰው አለ።

ወደዚህ ክኒን የሚወስደው መንገድ ብዙ ሰው የሄደበት ነው። አንዱ ትልቁ መታጠፊያ ግን የአራት ልጆች እናት የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ጃኔት ሮውሊ ትባላለች። ፕሮፌሰር ነበሩና «አንቱ» ማለት ነበረብኝ፤ የማወራችሁ ስለ ወጣቷ እናት ስለሆነ ይቅር በሉኝ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ያኔ ከ65 ተማሪ 3 ሴት ብቻ ነበር የሚቀበለው። ሦስቱ ሞልተው ስለነበር ዘጠኝ ወር ጠበቀች። እ.ኤ.አ. በ1948 ተመረቀች፤ በማግስቱ አገባች። ወለደች። ደግማ ወለደች። አራት ወንዶች። ለብዙ ዓመታት የምትሠራው በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ነበር። ቀሪውን ከልጆቿ ጋር ነች።

እኛ ቤት ብትሆን ምን እንደምንላት ታውቃላችሁ።

ሥራዋም መጀመሪያ ላይ ስም የሚያስጠራ አልነበረም። ዳውን ሲንድሮም (ከውልደት ጀምሮ የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) ያለባቸው ልጆች የሚታዩበት ክሊኒክ ውስጥ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1959 የዚህ ምክንያት አንድ ትርፍ ክሮሞዞም መሆኑ ሲታወቅ ልቧ ወደዚያ ሄደ። ባሏን ተከትላ ኦክስፎርድ ስትሄድ ክሮሞዞም ማጥናት ተማረች። ባሏን ተከትላ! እኛ ዘንድ ይህ የታሪኩ መጨረሻ ነው።

ክሮሞዞም ማለት በሕዋሳችን ውስጥ ውርሳችንን የያዘ ክር ነው። 46 አለን፣ 23 ጥንድ። ሮውሊ በማይክሮስኮፕ ያየችውን ፎቶ አንስታ ቤት ይዛ ትመጣለች። ከዚያ መቀስ ታነሳለች። እያንዳንዱን ክሮሞዞም ከፎቶው ላይ ቆርጣ ጠረጴዛው ላይ ጥንድ ጥንዱን ትደረድራለች። ቁርጥራጭ ወረቀት፣ በጣም ትንንሽ። ልጆቿ እናታቸው በወረቀት አሻንጉሊት የምትጫወት ይመስላቸው ነበር። በጠረጴዛው አጠገብ ማስነጠስ ክልክል ነው። እኛ ቤት ጠረጴዛው ለእንግዳ ነው፤ ላስቲክ ተነጥፎበት፣ የላስቲክ አበባ ተቀምጦበት አቧራ ይጠጣል።

እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች በዚህ የደም ካንሰር ታማሚዎች ላይ አንድ ያጠረ ክሮሞዞም አይተው ነበር፤ ቁጥር 22። ቁራጩ ጠፍቷል ተብሎ ታመነ። ሮውሊ እ.ኤ.አ. በ1972 አዲስ በመጣ የማቅለሚያ ዘዴ ክሮሞዞሞቹ ላይ የሚወጣውን ሸንተረር እየተከተለች ስታስተያይ ቁጥር 9 ጫፉ ላይ ትርፍ አገኘች። ቁራጩ አልጠፋም ነበር፤ ቤት ቀይሯል። 9 እና 22 ጫፋቸውን ተለዋውጠዋል። በዚያው ዓመት በሌላ የደም ካንሰር ደግሞ 8 እና 21 ሲለዋወጡ አገኘች። ያኔ ብዙው ሳይንቲስት ክሮሞዞምን የሚያበላሸው ካንሰሩ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው። እሷ ነገሩን ገለበጠችው። መበላሸቱ ራሱ የካንሰሩ ምንጭ ሊሆን ይችላል። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች የተለዋወጡት ጫፎች የሚሠሩትን ፕሮቲን አገኙ፤ ማብሪያ ማጥፊያው እንደተበላሸ መብራት ሁልጊዜ በርቶ «ተባዙ» የሚል። ኢማቲኒብ እሱን ነው የሚያጠፋው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈቀደ።

ሰማንያ ካለፋት በኋላ እንኳ ላቦራቶሪዋ በብስክሌት ትሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 አረፈች።

አሁን ወደ እኛ። «ያ አሜሪካ ነው፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን አለ» እንዳትሉኝ። ሦስት ሴት ብቻ ይቀበል የነበረውም ትምህርት ቤት እዚያው አሜሪካ ነው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ነው ጉዳችን የሚወጣው። አለቃ የሆናችሁ፣ ግማሽ ቀን ልሥራ ስትላችሁ «ወይ ሙሉውን ግቢ ወይ ልቀቂ» የምትሉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ምን እንደሚሠራ ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ባሎች፣ ሠራተኛ ሲጠፋ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚስት ሥራ ብቻ የሚቀረው? የእናንተ መሥሪያ ቤት ያለ እናንተ አንድ ቀን አያድርም?

እናቶቻችንም አትቀሩም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን ተረት ማን አስተማረን? ቡና ላይ አይደል የሰማነው? ልጃችሁን አስተምራችሁ፣ ለምርቃቷ ድንኳን ጥላችሁ፣ ፎቶዋን ሳሎን ሰቅላችሁ፣ ስትወልድ ደግሞ «በቃሽ» ትላላችሁ። ታዲያ ያ ሁሉ ድግስ ለምን ነበር?

ቤቷ መዋልን የመረጠችውን አልወቅስም። መብቷ ነው፣ ሥራም ነው። የምወቅሰው እሷ ተጠይቃ ሌላው የሚመልስላትን ነው። እንደ እኔ ዓይነቱን።

ባለፈው ሳምንት ለእህቴ ደወልኩላት። ልጁ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ስለ ገንፎው ቀን አነሳሁባት። «ረስቼዋለሁ» አለችኝ፤ እንዳልረሳች ከድምፅዋ ታወቀኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን እኔ ጋ አምጪው፣ አንቺ ወደ ስድስት ኪሎ ወጥተሽ ጠይቂ፣ ያቋረጥሽው ይቀጠል እንደሆነ አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፦

«እስከ ስንት ሰዓት ትይዝልኛለህ?»