ስታዲየሙን እናንተ ሥሩ፣ መርሳቱን ለእኛ ተዉት

"ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም" ብሎ መጀመሪያ የተናገረውን ሰው ባውቀው ሐውልት አቆምለት ነበር። ነገሩን ደጋግመው የሚነግሩን ደግሞ ክብር ትሪቡን ላይ ከፕሬዚዳንቶች ጎን የሚቀመጡት ናቸው፤ ከእነሱ በላይ ማን ሊያውቅ!

ትልቁ ምስጋናዬ ግን ለእኛ ለተመልካቾች ነው። ስሙ የቆሸሸ መንግሥት መግለጫ ያወጣል፣ ቃል አቀባይ ይቀጥራል፣ አምባሳደር ይልካል። ምን አለፋው? ስታዲየም ይሥራ! በ90 ደቂቃ አጥበን፣ ተኩሰን፣ አጣጥፈን እንመልስለታለን።

ሙያው የቆየ ነው። በ1936 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ሂትለር በርሊን ላይ ኦሊምፒክ ሲያዘጋጅ፣ እንግዶቹ ቅር እንዳይላቸው ፀረ አይሁድ ጽሑፎቹን ከከተማዋ መንገዶች አስነሳ። እንዴት ያለ ጨዋ ደጋሽ ነው! ዛሬ ስናየው እንባ እንባ የሚለን የኦሊምፒክ ችቦ ቅብብልም መጀመሪያ የተሮጠው ወደ እሱው ድግስ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው አትሌት ጄሲ ኦውንስ 4 ወርቅ ይዞ ሄደበት እንጂ።

በ1978 አርጀንቲና ራሷ ባዘጋጀችው የእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ ሆላንድን 3 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫ ወሰደች። ዋንጫውን ያስረከቡት የወታደራዊው መንግሥት መሪ ጄኔራል ቪዴላ ናቸው። ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ፣ የባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ሰው ታስሮ ይገረፍ ነበር፤ ከዚያ የተረፉት በኋላ እንደመሰከሩት ጩኸቱ ይሰማቸው ነበር። የጎሉ ጩኸት ማለቴ ነው። የእነሱ ጩኸት ወደ ስታዲየሙ አልደረሰም፣ ነፋሱ ወደዚያ አይነፍስም መሰለኝ።

ስንቆጣም እናውቅበታለን። በ2014 የሶቺ ኦሊምፒክ ተዘግቶ ወር ሳይሞላ ሩሲያ ክራይሚያን ጠቀለለች። ተቆጣን? በጣም እንጂ! ከ4 ዓመት በኋላ የዓለም ዋንጫው እዚያው ሩሲያ ሲጀመር ግን የማን ጎል ያምራል ወደሚለው ክርክር ገብተን ነበር። በ2022ቱ የቤጂንግ ክረምት ኦሊምፒክ ደግሞ አሜሪካና ጥቂት ወዳጆቿ "ዲፕሎማሲያዊ አድማ" መቱ፦ ባለሥልጣን ይቀራል፣ ስፖርተኛ ይሄዳል። ደጋሹን ተቀይሜያለሁ ብሎ ልጆቹን ሰሐን አስይዞ እንደመላክ ማለት ነው።

እውነቱን ለመናገር ኳስ አንዳንዴ በር ይከፍታል። በ1971 የአሜሪካ የጠረጴዛ ቴኒስ ቡድን ቻይና ሄደ፣ በዓመቱ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ራሳቸው ተከተሉ። ግን ያ በጣም ርካሽ ነበር፤ አንድ ጠረጴዛና አንዲት ትንሽ ኳስ! የዛሬ ገጽታ ግንባታ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ኳታር ለ2022ቱ ዋንጫ 7 አዳዲስ ስታዲየሞች አቁማለች፤ ያቆሟቸው በአብዛኛው ከሌላ አገር የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ከእነሱ መካከል ስንቱ ሞተ ብትሉኝ እስከ ዛሬ ሁሉም የተስማማበት ቁጥር የለም።

የፍጻሜውን ውጤት ግን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ጠይቁኝ። 3 ለ 3፣ በመለያ ምት 4 ለ 2።