ወርቅ ፈላጊ ሳይሆን ቴዎዶላይት ነው

ወንድሜ፣ «አያቴ ቤት የተገኘው የናስ ዕቃ ጣሊያን ጅማ ላይ ወርቅ የፈለገበት ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ሜርኩሪ አለ» ብለህ የጻፍከው ትክክል አይደለም። ፎቶው ላይ ያለው ቴዎዶላይት የሚባል የመሬት ቀያሾች መሣሪያ ነው፤ ማዕዘን ይለካል እንጂ ከመሬት በታች ያለውን አያይም።

ብልቃጧ እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ናት፤ በውስጧ ያለው አልኮል ወይም ኤተር ነው። ሜርኩሪ ቢሆንማ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር። ናስ የሆነውም ለጌጥ አይደለም፤ ብረት ቢሆን የኮምፓሱን መርፌ ያሳስተው ነበር።

ቀያሹ በሰንሰለት የተለካ መስመር ጫፍ ላይ ይቆማል፣ ቱምቢ ይጥላል፣ ከዚያ ለምሳሌ ጅማ አጠገብ ያለውን የጅሬንን ኮረብታ በመሣሪያው መነጽር አነጣጥሮ ማዕዘኑን ያነባል። ሌላኛው ጫፍ ላይም ይደግመዋል። ሁለት ማዕዘንና አንድ ጎን ከተገኘ፣ ዳገቱን ሳይወጡ ርቀቱ በስሌት ይገኛል። (በመነጽሩ ስታይ ኮረብታው ቢገለበጥብህ አትደንግጥ፤ ብዙዎቹ የድሮ መነጽሮች እንደዚያ ናቸው።)

በመነጽሩ ውስጥ ለማነጣጠር የሚያገለግለው መስቀለኛ ክር ብዙ ጊዜ እውነተኛ የሸረሪት ድር ነበርና በጣት እንዳትነካው። ናሱንም በሎሚና በአሸዋ አትፈትገው፤ የዲግሪዎቹ ጭረቶች ከጠፉ ዕቃው ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።