«ነግሬው ነበር»

ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ ተመልሶ ባሕር ዳር ላይ ሆቴል የሚከፍት ሰው ከሻንጣው ጋር ይዞት የሚመጣው አንድ ነገር የሠራተኛ መመሪያ ነው። እዚያ ከነበረበት መሥሪያ ቤት የተቀዳ፣ ወፍራምና ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ። ውስጡ «ድርጅቱ ሠራተኛውን በማንኛውም ጊዜ ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል» የሚል አንቀጽ አይጠፋም። ከሞንታና በስተቀር በአሜሪካ ግዛቶች ይህ በመርህ ደረጃ ያስኬዳል፤ ዘርን፣ ጾታን ወይም ሃይማኖትን የመሰለ የተከለከለ ምክንያት እስካልሆነ ድረስ። ጣና ዳር ሲደርስ ግን ያ አንቀጽ ከወረቀቱ ዋጋ አይበልጥም። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለማሰናበት በሕግ የታወቀ ምክንያት ያስፈልጋል።

ውጭ አገር ለኖረ ሰው ይህ ግር ይላል። «ለሠራተኛ የሚያስበው የበለጸገ አገር ነው» ብሎ ነዋ የመጣው! የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የግል አሠሪን አንድ ቀን እንኳ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ አያስገድድም። እዚህ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ደመወዝ እየተከፈላት ታርፋለች። የአሜሪካው የፌዴራል ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው፤ እሱም አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ለምትሠራው አይደርሳትም።

እዚህ የሚጎድለው ጽሑፍ ነው። አስተናጋጁ ሲያረፍድ አለቃው «ዛሬም?» ብሎ ያልፋል። የሰፈር ልጅ ነው፣ እናቱን ያውቃቸዋል፤ ደብዳቤ መስጠት እንደ ጠብ ይቆጠራል። ይሉኝታው ያለቀ ዕለት ደግሞ እንግዳ ፊት «ውጣልኝ!» ይመጣል። ክስ ሲቀርብ አሠሪው ያለው መልስ «ስንት ጊዜ ነግሬው ነበር» ብቻ ነው። አዋጁ ማሰናበት የሚፈቅደው ግን በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያረፈደን፣ ወይም በድምሩ 5 ቀን የቀረን ነው። ደብዳቤ ከሌለ ሃያ ጊዜ ማርፈዱም አያዋጣም።

ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። የሠራተኛው ስምና የሥራ መደብ፣ ጥፋቱ የተፈጸመበት ቀንና ሰዓት፣ የተጣሰው ደንብ፣ ስንተኛ ማስጠንቀቂያ እንደሆነ። «ጸባዩ ጥሩ አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አያስረዳም፤ «ጥር 6 ቀን 25 ደቂቃ አርፍዷል» ያስረዳል። በሁለት ቅጂ ተሠርቶ ሠራተኛው አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ ይፈርም። አልፈርምም ካለ ጭቅጭቅ አያስፈልግም፤ ሁለት ምስክሮች እምቢ ማለቱን ጽፈው ይፈርሙበት። ለማሰናበት የሚያበቃ ጥፋት ከታወቀም አሠሪው በ30 የሥራ ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። «ለፋሲካ ይለፍ» እያሉ ማቆየት መብቱን ያሳጣል።

የሰዓቱ ነገርም አለ። የጣት አሻራ ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ተሞልቶ 7:25 ሲል፣ ደብዳቤው ላይ ሳይቀየር «7፡25 ገባ» ተብሎ ይጻፋል። ለአገሬው ይህ ከምሳ በኋላ ነው። የትርፍ ሰዓት ሒሳብም እዚህ ላይ ይበላሻል፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ደመወዙ 6,240 ብር የሆነ አስተናጋጅ በወር 208 ሰዓት ሲሰላ የሰዓቱ 30 ብር ነው። ሆቴሉ በሚሞላበት በጥምቀት ዕለት 8 ሰዓቱን ጨርሶ 3 ሰዓት ቢጨምር ለሦስቱ ብቻ 225 ብር ይደርሰዋል። «ጉርሻ አግኝቷል» ማለት ክፍያውን አይተካም።

ለገንዘብ ያዥ ዋስ መጠየቅን ዲያስፖራው ኋላ ቀር አድርጎ ያየዋል። እዚያም እኮ የኋላ ታሪክ በድርጅት ያስጠናሉ። የሙከራ ጊዜን ግን እንደ ለመደው 90 ቀን ብሎ ባይጽፍ ይሻላል፤ ጣሪያው 60 የሥራ ቀን ነው፣ በጽሑፍ ካልተስማሙበትም ሙከራ የሚባል ነገር የለም።

ሠራተኛውም ከውጭው የሚወስደው አለ። እዚያ የሁለት ሳምንት ማሳወቂያ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ እዚህ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ግዴታ ነው። ደመወዝ በተቀበሉ ማግስት መጥፋት በኋላ የሥራ ልምድ ወረቀት ለመጠየቅ ያሳፍራል፤ ወረቀቱ ግን በነጻ ሊሰጥ የሚገባ መብት ነው። ቀሪ ክፍያም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ያለ አግባብ ተባረርኩ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል በ3 ወር ውስጥ ይክሰስ፤ ሽማግሌ እስኪያስታርቅ ሲጠብቁ ይህ ጊዜ የሚያልፍባቸው አሉ። ማታ ሲወጡ የፊርማ መዝገቡን ገጽ ለማስረጃ በስልክ ፎቶ ማንሳት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።